የሚዙሪ ሕዝብ ያጸደቀውን የውሻ አርቢዎች ሕግ ምክር ቤቱ በትክክል ምኑን ነው የቀየረው?

ፍኖት

በአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት ሕዝብ ድምጽ ስለሰጠበት የውሻ አርቢዎች ሕግ፣ ስለ ፕሮፖዚሽን ቢ፣ ባነበብኩ ቁጥር ሁለት የማይገናኝ ወሬ ነው የማገኘው። አንዱ ወገን «ሕዝቡ በኖቬምበር 2010 በድምጹ ያጸደቀውን ሕግ ምክር ቤቱ ስድስት ወር ሳይሞላ አፈረሰው» ይላል። ሌላው ደግሞ «አልፈረሰም፤ የሚሠራበት ሆኖ ተስተካከለ እንጂ» ባይ ነው። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሕግ ነው፤ ቁጥር የሚጠቅስ ግን ብዙም የለም።

ሦስት ነገር ግልጽ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል። አንቀጽ በአንቀጽ ምኑ ወጣ፣ ምኑ ገባ? ሕዝብ በቀጥታ ያወጣውን ሕግ ምክር ቤት እንዲህ በቀላሉ የሚቀይረው በምን ሥልጣን ነው? ደግሞስ ነገ ሌላ ግዛት ውስጥ «ማሻሻያ» የሚባል ረቂቅ ሲቀርብ፣ የሚያጠብቅ ይሁን የሚያላላ በምን ይለያል? መፈክሩን ትታችሁ ዝርዝሩን ብትሰጡኝ። ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጆቹ ይሁን።

ሰነድ አገላባጭ

ፕሮፖዚሽን ቢ ኖቬምበር 2 ቀን 2010 ያለፈው 51.6 በመቶ ድምጽ አግኝቶ ነው። የሴንት ሉዊስና የካንሳስ ሲቲ አካባቢ መራጭ ደገፈው፤ የገጠር ካውንቲዎች በብዛት ተቃወሙት። የድምጹ አከፋፈል ከቁጥሩ ያልተናነሰ ዋጋ አለው። የምክር ቤት አባል የሚመረጠው በወረዳ ነውና «የኔ ወረዳ እኮ እምቢ ብሏል» የሚል መልስ ብዙዎቹ በእጃቸው ነበር።

ሕጉ የሚመለከተው ከ10 በላይ ያልመከኑ ሴት ውሾች ይዞ ቡችሎቻቸውን ለቤት እንስሳነት የሚሸጥን ሰው ነው። በቂ ምግብና ንጹሕ ውሃ፣ በዓመት ቢያንስ አንድ የሐኪም ምርመራ፣ ሽቦ ያልሆነ ወለል፣ ኬጅ በኬጅ ላይ አለመደርደር፣ ከ45 እስከ 85 ዲግሪ ፋራናይት የሆነ ሙቀት (በሴንቲግሬድ ከ7 እስከ 29 ገደማ)፣ ውሻው ባሻው ሰዓት ወጥቶ የሚንቀሳቀስበት የውጭ ቦታ፤ እነዚህን ሁሉ ያስገድዳል። አንዲት ውሻ በ18 ወር ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳትወልድም ይከለክላል። ከሁሉ በላይ ያከራከረው ግን አንድ ሰው ለእርባታ ከ50 በላይ ያልመከኑ ውሾች እንዳይዝ ያስቀመጠው ጣሪያ ነው። አውቆ የጣሰ ሰው «የቡችላ ፋብሪካ ጭካኔ» በሚባል አዲስ ወንጀል ይጠየቃል፤ ደረጃው ክላስ ሲ ቀላል ወንጀል ነው። ሥራ ላይ የሚውለው በኖቬምበር 2011 ስለነበር አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራበት ነው የተቀየረው።

ለውጡ የመጣው በሁለት ረቂቅ ነው። ቀዳሚው የሴኔት ረቂቅ 113 ሲሆን አቅራቢው ማይክ ፓርሰን ነበር፣ ኋላ ራሱ የግዛቱ አገረ ገዢ የሆነው። በመሐሉ በወቅቱ አገረ ገዢ የነበረው ዴሞክራቱ ጄይ ኒክሰን አርቢዎችንና የግዛቱን የእንስሳት ደኅንነት ማኅበራት አስማምቶ «የሚዙሪ መፍትሔ» የተባለውን ይዞ መጣ። ፕሮፖዚሽን ቢን ለሕዝብ ያቀረበው ብሔራዊው የእንስሳት ጥበቃ ድርጅት ሂዩማን ሶሳይቲ ግን ስምምነቱን ተቃወመ። ስምምነቱ በሴኔት ረቂቅ 161 ውስጥ ገብቶ ኤፕሪል 27 ቀን 2011 ተፈረመ። ዛሬ የሚሠራበት ሕግ የዚህ ውጤት ነው።

ምኑ ወጣ ላሉት፦ የ50ው ጣሪያ ጨርሶ ወጣ። «በ18 ወር ሁለት ጊዜ» የሚለው ወጥቶ «የእንስሳት ሐኪም ለውሻዋ ዕድሜና ጤና ተገቢ ነው ካለው በላይ አትውለድ» የሚል ገባ። ዓመታዊው ምርመራ ወጥቶ በዓመት ሁለት ጊዜ ሐኪም «በአካል ተገኝቶ እንዲያይ» የሚል ገባ። ወንጀሉ «የቡችላ ፋብሪካ» የሚለው ስም ተነሥቶለት «በውሾች ላይ የሚፈጸም ጭካኔ» ተባለ።

ስሙ ብዙ ሰው አናዷል፤ ለኔ ግን ስሙ ምንም አይደለም። የሚያሳስበው ከስሙ ሥር ያለው የወንጀሉ ትርጓሜ ነው። ቀድሞ ማንኛውንም ግዴታ አውቆ መጣስ ይበቃ ነበር። አሁን ዐቃቤ ሕግ ጥሰቱ የተደጋገመ መሆኑንና በእንስሳቱ ጤና ላይ ከባድ አደጋ መፍጠሩን ሁለቱንም ማሳየት አለበት፤ ያለዚያ አርቢው የተስማማበትን የማስተካከያ ትእዛዝ አውቆ እንደጣሰ ማስረዳት አለበት። በተግባር ሲታይ በመጀመሪያው ጉብኝት የተገኘ ጥፋት ምንም ያህል ቢከፋ በዚህ አንቀጽ ወንጀል አይሆንም ማለት ነው። አጠቃላዩ የእንስሳት ጭካኔ ሕግ አለ፤ እሱ ግን ለማስረዳት ሁልጊዜም ከባድ ነው።

የገባውንም መካድ አይገባም። የፈቃድ ክፍያው ጣሪያ ከ500 ወደ 2,500 ዶላር ከፍ ብሏል፤ ሕገ ወጥ አርቢዎችን ለመከታተል ከእያንዳንዱ ፈቃድ ተጨማሪ 25 ዶላር ይሰበሰባል። የሽቦ ወለል ከኤፕሪል 15 ቀን 2011 በኋላ በሚሠራ ኬጅ ወዲያው ተከለከለ፤ በነባሮቹ ግን እስከ 2016 መግቢያ ተፈቀደ። በፕሮፖዚሽን ቢ ቢሆን በኖቬምበር 2011 ያከትም ነበር። ከአራት ዓመት በላይ እፎይታ ነው፤ ለእርባታ የተያዘች ውሻ የምትወልድበት ዕድሜ አብዛኛው በዚያ ያልቃል።

ሥልጣኑን በተመለከተ፦ በሚዙሪ ሕገ መንግሥት ሕዝብ በፊርማ የሚያቀርበው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። ተራ ሕግ ከሆነ ከኮንግረስ ወረዳዎች በሁለት ሦስተኛው ውስጥ የ5 በመቶ መራጭ ፊርማ ይበቃል። የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከሆነ 8 በመቶ ያስፈልጋል። ፕሮፖዚሽን ቢ የቀረበው በርካሹ መንገድ፣ በተራ ሕግ ነው። ተራውን ሕግ ምክር ቤቱ በማግስቱም በተራ አብላጫ ድምጽ ሊቀይረው ይችላል፤ የሚከለክለው ነገር የለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕዝብ ያወጣውን ሕግ ራሱ ካልፈቀደ በቀር ምክር ቤት ብቻውን መቀየር አይችልም። አሪዞና ከ1998 ጀምሮ የሦስት አራተኛ ድምጽ ትጠይቃለች፤ ያውም ለውጡ የሕጉን ዓላማ የሚያራምድ ከሆነ ነው። ሚዙሪ ውስጥ እንዲህ ያለ አጥር የለም። ከውሻ ጋር ባይገናኝም በ2024 ሕዝብ ያጸደቀው የሕመም ፈቃድ ሕግ በ2025 በዚሁ በር ነው የተሻረው።

ሌላም ብልሃት ነበረ። ረቂቅ 161 የአስቸኳይነት አንቀጽ ስለነበረው በተፈረመበት ቀን ሥራ ላይ ዋለ። አስቸኳይ ሕግ ደግሞ ሕዝብ ፊርማ አሰባስቦ ሊያግደው ከሚችለው ውጪ ነው። «ለምን በሕዝበ ውሳኔ አላስቆሙትም?» ለሚለው መልሱ ይኼ ነው።

ሐኪሟ

የተቀየሩት ቃላት በውሻዋ አካል ላይ ምን ማለት እንደሆኑ ልጨምር።

ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ገደማ ነው፤ የስሪያ ጊዜዋ በየስድስት እስከ ስምንት ወሩ ይመጣል። ስለዚህ በ18 ወር ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት የስሪያ ወቅት ይኖራታል። «በ18 ወር ሁለት» ማለት ቢበዛ ከሦስቱ አንዱን ዝለል ማለት ብቻ ነው፤ አርቢን የሚያከስር ደንብ አይደለም። ተቆጣጣሪም በቀላሉ ያጣራዋል፤ የወሊድ መዝገቡን ከፍቶ ቀን መቁጠር ነው።

የተቃዋሚዎቹ ጠንካራ ክርክርም እዚህ ጋ ነው፤ በሐቀኝነት መነገር አለበት። የውሻ ማሕፀን ብታረግዝም ባታረግዝም ከእያንዳንዱ ስሪያ በኋላ ሁለት ወር ገደማ ፕሮጄስቴሮን ለተባለው የእርግዝና ሆርሞን ይጋለጣል። ከዚህ ተነሥተው ጤነኛዋን ውሻ በተከታታይ አስወልዶ ቶሎ ማምከን ከማዘለል ይሻላል የሚሉ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች አሉ፤ ከንቱ ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን ሦስት ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ውሻዋ ከማጥባት በኋላ ክብደቷ ተመልሶ መገኘት አለበት፣ በእያንዳንዱ ዙር በእጅ መመርመር አለባት፣ ቶሎ መምከን አለባት። ስታጠባ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የምግብ ፍላጎቷ ከወትሮው ሁለት ሦስት እጥፍ፣ ብዙ ከወለደች ከዚያም በላይ ይሆናል። ትንንሾቹ ዝርያዎች ካልሲየማቸው ወርዶ ሊንቀጠቀጡና በሰዓታት ውስጥ ሊሞቱ ይችላሉ። ሦስቱ ቅድመ ሁኔታ ሳይጻፍ «ሐኪሙ እንዳለው» ብቻ ሲቀር ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የሚመክረው ሐኪም የሚከፈለው በአርቢው ነው፤ ተቆጣጣሪውም የሚቆጥረው ቀን የለውም።

«ማየት» እና «መመርመር» የሚለው ልዩነትም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ምርመራ ማለት ውሻዋን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ማየት፣ ጡቷን አንድ በአንድ መዳሰስ፣ ልብና ሳንባ ማዳመጥ፣ ጆሮ ውስጥ መመልከት፣ በጣቶቿ መሐል ቁስል መፈለግ ነው። ፈጠን ያለ ሐኪም እንኳ አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል። በመተላለፊያው እያለፉ ማየት ግን የምታነክሰውን፣ በጣም የከሳችውንና ዓይኗ የፈሰሰውን ብቻ ነው የሚያሳየው። በሽያጭ እርባታ በብዛት የሚያዙት ትንንሽ ዝርያዎች ዋና ሕመማቸው የድድና የጥርስ ነው። በሽቦ በኩል አይታይም፤ የልብ ድምጽም አይሰማም። በዓመት ሁለት ጊዜ ማየት ከአንድ ምርመራ ይበልጣል የሚባለው ለቁጥሩ ብቻ ነው።

ስለ ሽቦ ወለል አንድ ነገር። ተከራካሪዎች «ሰገራው ወደ ታች ስለሚወድቅ ንጽሕና ይጠብቃል» ይላሉ፤ ከፊል እውነት ነው። የፌዴራሉ ደንብም ሽቦው በቂ ውፍረት ካለው ወይም ከተሸፈነ፣ እግር የማያሾልክ ከሆነም ይፈቅዳል። ችግሩ ውሻዋ ክብደቷን ሁሉ ሌት ተቀን በቀጭን መስመር ላይ መሸከሟ ነው። መዳፏ ይሰፋል፣ በጣቶቿ መሐል ቆዳው ይቆስላል፣ ቁስሉ ሽንት ስለሚነካው አይድንም። ኬጆቹ ከተደረደሩ የላይኛዋ ሽንት ለታችኛዋ ነው፤ አሞኒያውም ዓይን ያቃጥላል።

ፍኖት

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር፦ ስለ ኬጁ ስፋት ዝም ብላችኋል። «ሦስት እጥፍ ሆነ» ሲባል እሰማለሁ፤ ከምን ሦስት እጥፍ? ደግሞ እያንዳንዷ ውሻ ቦታዋ በቂ ከሆነ የ50ው ጣሪያ መቅረቱ ምን ያስቆጣል?

ቀማሪው

ስፋቱን ማንም በስሌት አያሳይም፣ ስለዚህ ላሳይ።

መነሻው የፌዴራሉ ቀመር ነው፤ ሚዙሪም ትጠቀምበት የነበረው እሱን ነው። ውሻውን ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጭራ መነሻ በኢንች ይለኩ፣ 6 ይጨምሩ፣ ያገኙትን በራሱ ያባዙ፣ ለ144 ያካፍሉ። የሚመጣው ካሬ ጫማ ነው። 24 ኢንች ለሆነች ውሻ፦ 30 ሲባዛ በ30፣ 900፤ ለ144 ሲካፈል 6.25 ካሬ ጫማ፣ 0.58 ካሬ ሜትር። አንድ ተራ የቢሮ ጠረጴዛ እንኳ ይበልጣል። ከፍታው ደግሞ ከራሷ በላይ 6 ኢንች ብቻ ነው። የ«ሚዙሪ መፍትሔ» ይህንን ለነባር ኬጆች ከጃንዋሪ 2012 ጀምሮ ሁለት እጥፍ፣ ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ ለሁሉም ሦስት እጥፍ አደረገው። ለዚህችው ውሻ መጀመሪያ 12.5፣ ከዚያ 18.75 ካሬ ጫማ ሆነ ማለት ነው።

ፕሮፖዚሽን ቢ ግን ቀመር አልነበረውም፤ ሦስት ደረጃ ነበረው። እስከ 25 ኢንች 12 ካሬ ጫማ፣ ከ25 እስከ 35 ኢንች 20፣ ከዚያ በላይ 30። አሁን ያነጻጽሩ፦ 18.75 ከ12 ይበልጣል! ለ30 ኢንች ውሻ ሦስት እጥፉ 27 ነው፤ ከ20 ይበልጣል። ሒሳቡን እስከ መጨረሻ ከሠሩት ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ልክ 18 ኢንች ላይ ነው። ከዚያ በላይ ላለ ውሻ የ2011ው ሕግ በወረቀት ላይ ሰፋ ያለ የቤት ውስጥ ቦታ ይሰጣል። ከ18 ኢንች በታች ላለ ግን ፕሮፖዚሽን ቢ ይሻል ነበር፤ 12 ኢንች ለሆነች ውሻ 12 ካሬ ጫማ ይሰጥ የነበረው አሁን 6.75 ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የቤት እንስሳት ሱቅ የሚፈልጋቸው ቺዋዋ፣ ዮርክሻየር ቴሪየርና ማልቲስ ከ18 ኢንች በታች ናቸው። ስለዚህ «ሦስት እጥፍ» የሚለው ቃል ለትልልቆቹ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ለትንንሾቹ ግን ሕዝብ ከመረጠው ያነሰ ነው። ሁለቱም ወገን ያልዋሸው ለዚህ ነው፤ የተለያየ ውሻ እየለኩ ነው።

የውጭውን ቦታ አይርሱ። ፕሮፖዚሽን ቢ ለእያንዳንዷ ውሻ የውስጡን እጥፍ የሚያህል፣ መሬት ላይ ያረፈ ጠንካራ ወለል ያለው የውጭ ቦታ ያዝ ነበር። አዲሱ ሕግ ከኬጁ ጋር የተያያዘ የውጭ ቦታን ያስገድዳል፤ ሆኖም «በደንብ ካልተወሰነ በቀር» የሚል ሐረግ ከፊቱ አለ። ስፋቱን በሕግ አስሮ ልዩ ሁኔታውን ለመሥሪያ ቤት መተው የዚህ ስምምነት ጠባይ ነው።

ስለ 50ው፦ ይህ የሥራ ሰዓት ሒሳብ ነው። 300 ውሾች ባሉበት ሁለት ሰዎች ስምንት ስምንት ሰዓት ቢሠሩ በድምሩ 960 ደቂቃ አላቸው፤ ለአንድ ውሻ የሚደርሰው 3.2 ደቂቃ ነው። ማጽዳት፣ መመገብ፣ ውሃ መቀየር፣ ቡችሎቹን ማየት ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። ቦታው የቱንም ያህል ቢሰፋ ይህ አይቀየርም። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «ጣሪያው 60 ውሻ በደንብ የያዘውን ይቀጣል፣ 40 ውሻ በቆሻሻ የያዘውን ይተወዋል» ይሉ ነበር፤ ቀላል ክርክር አይደለም። የተሻለው መንገድ በአንድ ሠራተኛ ስንት ውሻ የሚል ልክ ማስቀመጥ ነበር፣ ማንም አላቀረበውም እንጂ።

አንቀጽ በአንቀጽ

ሚዙሪ ላይ ብቻ ከቆማችሁ ነገሩ የአንድ ግዛት ጉዳይ ይመስላል። ሕጉን ሳይነኩ የሚያላሉባቸው ሌሎች መንገዶች አሉ፤ እኔ ከቀጥታው ሽረት የበለጠ የሚያሳስቡኝ እነሱ ናቸው።

አንደኛው ከተሞችን ማገድ ነው። የአሪዞናዋ ከተማ ፊኒክስ በ2013 ሱቆች ከንግድ አርቢ የመጣ ቡችላ እንዳይሸጡ ከለከለች፤ ተከሰሰችና በፌዴራል ፍርድ ቤት ረታች። የአሪዞና ምክር ቤት በ2016 ከተሞች እንዲህ ያለ ክልከላ እንዳያወጡ በሕግ አገደ። ኦሃዮም በዚያው ዓመት የግሮቭ ሲቲንና የቶሊዶን ደንቦች በሴኔት ረቂቅ 331 ሻረች። የዚያ ረቂቅ አሠራር ሊጠና የሚገባው ነው፦ ከተሞች የራሳቸውን ዝቅተኛ ደመወዝ እንዳይወስኑ የሚከለክል፣ የስልክ ኩባንያዎች አንቴና የሚመለከት፣ ከእንስሳ ጋር ወሲብ መፈጸምን ወንጀል የሚያደርግ አንቀጽ ሁሉ በአንድ ላይ ታጭቆበት ነበር። «አልደግፍም» ያለ ተወካይ በምርጫ ጊዜ ምን ተብሎ እንደሚሰደብ መገመት አያቅትም።

የአሪዞናው ሕግ ለማካካሻ ያስቀመጠው፣ ሱቆች በፌዴራል ቁጥጥር ከባድ ጥፋት ከተመዘገበበት አርቢ እንዳይገዙ ነው። ጥሩ ይመስላል። ግን ሁሉም የተንጠለጠለው የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ በሚጽፈው ሪፖርት ላይ ነው። በፌብሩዋሪ 2017 የፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር የቁጥጥር ሪፖርቶቹን ከድረ ገጹ አነሣ። ኮንግረስ በበጀት ሕግ አስገድዶ እስኪመልሳቸው እስከ 2020 መጀመሪያ ድረስ ሦስት ዓመት ገደማ ሱቁም ገዢውም በቀላሉ የሚያጣራበት መንገድ አልነበረም። አንድ የሕግ ቃል ሳይነካ የብዙ ግዛት ሕግ ሥራ ፈታ። ሪፖርቱ ቢኖርም ተቆጣጣሪው ጥፋቱን በየትኛው ደረጃ እንደመዘገበው ወሳኝ ነው፤ በአንድ ወቅት ቀላል የተባሉ ጥፋቶች «ማስተማሪያ» ተብለው ከሪፖርቱ ውጪ ይያዙ ነበር። የሚኒስቴሩ የራሱ ዋና ኢንስፔክተር በ2010 ባወጣው ሪፖርት ዳግም ከተጎበኙ 4,250 አጥፊዎች 2,416ቱ ደግመው ጥሰው መገኘታቸውን ጽፏል፤ ምክንያቱንም ቅጣትን ትቶ በማስተማር ላይ መደገፍ ነው ብሎታል። ይህ ሁሉ ታውቆ ነው «ማስተማሪያው» ኋላ የመጣው።

ሌላው መንገድ ደንብ ነው። ፔንሲልቫኒያ በ2008 ሕግ ቁጥር 119ን ያወጣችው ከበጋው አንድ ክስተት በኋላ ነው፦ ተቆጣጣሪዎች አንዳንድ ውሾች በሐኪም እንዲታዩ ባዘዙ ማግስት ሁለት አርቢዎች 80 ውሾቻቸውን በጥይት ገደሉ፤ በወቅቱ ሕጋዊ ነበር። አዲሱ ሕግ በንግድ ማራቢያ ውሻን መግደል የሚችል ሐኪም ብቻ እንዲሆን አደረገ፣ የሽቦ ወለልንም ከለከለ። ቀጥሎ ግን መሥሪያ ቤቱ ለሚያጠቡ እናቶች ወለሉን የሚያላላ ደንብ አወጣ። ማራቢያ ውስጥ ያለች እናት ዕድሜዋን በአብዛኛው እርጉዝ ወይም አጥቢ ናት፤ ልዩ ሁኔታው ዋናውን ሕግ ዋጠው ማለት ነው። የግዛቱ ፍርድ ቤት በኋላ ደንቡን ውድቅ አድርጎታል። ሌላም ቀዳዳ አለ፦ ሕጉ በቀጥታ ለሕዝብ የሚሸጠውን የሚመለከተው በዓመት ከ60 በላይ ውሾች ከሸጠ ነው፤ 60 ላይ ማቆም ይበቃል።

ፍኖት

ሦስተኛው ጥያቄዬ ቀረ። ረቂቁ በእጄ ቢሆን ከየት ልጀምር?

ሰነድ አገላባጭ

ከማጠቃለያው አይጀምሩ። ማጠቃለያውን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ «ቅጣት ይጨምራል»፣ «ቁጥጥር ያጠናክራል» ይላል፤ ቅጣቱ ተጨምሮ ማን እንደሚቀጣ የሚወስነው ትርጓሜ ከጠበበ ምንም አልጨመረም።

ሙሉውን ረቂቅ ያውጡ። በሚዙሪ ረቂቆች የሚወጣው ቃል በደማቅ ቅንፍ ይታሰራል፣ የሚገባው በደማቅ ፊደል ይጻፋል፤ በሌሎች ግዛቶች የሚወጣው ተሰርዞ የሚገባው ተሰምሮበት ነው። መጀመሪያ ቅንፍ ውስጥ ያለውን ብቻ ከዳር እስከ ዳር ያንብቡ። ቁጥር ወጥቶ «በቂ»፣ «ተገቢ» ወይም «ሐኪም እንደመከረው» ከገባ ላልቷል፤ ተቆጣጣሪ ቁጥርን ነው የሚያስከብረው።

ቀጥሎ የትርጓሜው አንቀጽ። ሕጉ ስንት ሴት ውሻ ካለው ሰው ይጀምራል? «በእጁ ያሉ» ይላል ወይስ «በስሙ የተመዘገቡ»? የፌዴራሉ ደንብ ከአራት በላይ የሚወልዱ ሴቶች ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ግን በአንድ ግቢ ያሉትን ሁሉ በአንድነት ይቆጥራል። ይህ «በአንድነት» የሚለው ቃል ከሌለ ባል አራት፣ ሚስት አራት፣ ልጅ አራት ተብሎ 12 ውሻ ያለበት ግቢ ያለ ፈቃድ ያልፋል።

ከዚያ በወንጀሉ አንቀጽ ውስጥ «አውቆ»፣ «በተደጋጋሚ»፣ «ከባድ አደጋ» የሚሉትን ይፈልጉ። አንዱ ብቻ ሲኖር ተራ ነው። ሁለቱ «እና» በሚል ከተያያዙ ዐቃቤ ሕጉ ሁለቱንም ሊያስረዳ ነው፤ «ወይም» ከሆነ አንዱ ይበቃዋል።

ቀኑንም ይመልከቱ። ለነባር ማራቢያ የተለየ የእፎይታ ጊዜ ካለ ስንት ዓመት እንደሆነና በመሐሉ ምን እንደተፈቀደ ይቁጠሩ። የአስቸኳይነት አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ ርዕሱ ላይም ይጠቀሳል።

በመጨረሻ የበጀት ማስታወሻውን ያውርዱ፤ ሚዙሪ ውስጥ ከረቂቁ ጋር ይወጣል። መሥሪያ ቤቱ «ተጨማሪ ሠራተኛ አያስፈልገኝም» ካለ አዲስ ግዴታ የሚያስከብር ሰው አልታሰበም ማለት ነው።

ሐኪሟ

አንድ ልጨምር፦ «የእንስሳት ሐኪም» የሚል ቃል ባዩ ቁጥር ሐኪሙ ምን ጽፎ፣ የት እንዲያስቀምጥ እንደታዘዘ ይፈልጉ። የእያንዳንዷ ውሻ መለያ ቁጥር፣ ክብደት፣ የጥርስ ሁኔታና ቀን ያለበት ቅጽ ለተቆጣጣሪ እንዲታይ ካልታዘዘ፣ ሐኪሙ መጣም አልመጣም ማወቂያ የለም።